የስደት ማዕድ፦ ጋምቦ በሂዩስተን

ባለፈው ሰሞን ከዳላስ ዘመድ ሊጠይቁ ወደዚህ ወደ ሂዩስተን ብቅ ያሉ አንድ ወዳጄ፣ «እናንተ ዘንድ የሉዊዚያና ሰዎች ምግብ እንደ ልብ ይገኛል ይላሉ። የት ሄጄ ልብላ? ደግሞስ ምኑን ልብላ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ከፊተኛው ይልቅ የኋለኛው ይከብዳል። ለጾመኛው፣ አሳማ ለማይነካው፣ ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ለማይቀምሰው ሁሉ የሚሆን መልስ ስለሚያሻው የዛሬውን ዓምድ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። ኬጁን የሚባሉት፣ እንግሊዞች ከ1755 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያ አካባቢ፣ ከቤት ንብረታቸው ነቅለው በመርከብ የበተኗቸው የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። አገራቸው አካዲያ ትባል ነበርና «አካዲያን» ተባሉ፤ ቃሉ በሰው አፍ ሲንከባለል «ኬጁን» ሆኖ ቀረ። ከፊሎቹ ከብዙ መንከራተት በኋላ በሉዊዚያና ረግረግ ሰፈሩ። ምግባቸውም የገበሬ ምግብ ነው፤ አንድ ድስት፣ ብዙ ሩዝ፣ ከዚያ የተገኘው ሥጋ ወይም ዓሣ። ክሪዮል ግን የኒው ኦርሊንስ ከተማ ምግብ ነው። ፈረንሳዩ፣ ስፓኙ፣ በባርነት የተጋዘው አፍሪቃዊና የአገሩ ነባር ሕዝብ አብረው የሠሩት ነው። ከሄይቲ አብዮት ሸሽተው ኩባ የከረሙ ስደተኞችም በ1809 ወደ ከተማዋ ገብተው የየራሳቸውን እጅ ጨምረውበታል። ድስቱ ውስጥ ቲማቲም ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ክሪዮል ነው በሉ።

የሁለቱም ወጥ መነሻው ዱቄትና ዘይት ነው። እሳት ዳር ቆሞ፣ እጅን ሳያሳርፉ፣ ቡናማ እስኪሆን ማማሰል። ከዚያ ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይገባበታል። እናቶቻችን ቁሌቱን ሲያቁላሉ የሚያውቁትን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካረረ ይደፋል፣ ሌላ መላ የለውም።

ጋምቦ የተባለው ዋናው ወጥ ስሙን ያገኘው ከአፍሪቃ ነው፤ በባንቱ ቋንቋዎች ባሚያ ማለት ነው። የባሚያን ጥንተ መገኛ አንዳንድ የዕፅዋት ሊቃውንት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ያደርጉታል። በሱዳን በኩል የወጣን ብዙዎቻችን ግን ባሚያን የተዋወቅነው ካርቱም ውስጥ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው!

ይህ ሁሉ ወደ ሂዩስተን እንዴት መጣ? አሁንም በስደት። ከሉዊዚያና የመጡ ክሪዮሎች በ1922 ገደማ በፊፍዝ ዋርድ «ፍሬንችታውን» የተባለውን ሰፈር ቆረቆሩ። በ1927 ሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ አገሩን ሲያጥለቀልቅ ሌሎች ተከተሏቸው። በነሐሴ መጨረሻ 2005 ደግሞ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ውሃ ውስጥ ሲጥላት፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ወደ ሂዩስተን ጎረፈ። በአስትሮዶም ስታዲየም ወለል ላይ የተደረደሩትን አልጋዎች በቴሌቪዥን ያየን ሁሉ፣ የራሳችን መጠለያ ጣቢያ ትዝ ሳይለን አልቀረም።

ከእነዚያ ሰዎች አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከቤቷ ያመጣችውን ጋምቦ አካፈለችኝ። አሳማ እንደማልበላ ስለምታውቅ በዶሮ ብቻ ሠርታው ነበር። ጎርሼ ሳመሰግናት፣ «የአያቴ ድስት ውሃ ውስጥ ቀረ። ይኼ በአዲስ ድስት የተሠራ ነው፤ እሱን አይሆንም» አለችኝ። ለኔ ግን እጅግ ጣፋጭ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው አገር ምግብ ነው ብዬ አልበላሁትም።

እንግዲህ ወደ አድራሻው። ኪስ ለማይጎዳ ምግብ፣ በሰርድ ዋርድ ስኮት ጎዳና ላይ ያለው ፍሬንቺስ አለ። አንድ የኒው ኦርሊንስ ሰው ከባለቤታቸው ጋር በ1969 የከፈቱት ሲሆን በቅመም በተጠበሰ ዶሮው ይታወቃል፤ ልጆች ይወዱታል። መሀል ከተማ ለምትሠሩ፣ ከ1978 ጀምሮ የምሳ ሰዎችን ሲመግብ የኖረው ትሪቢርድስ አለ። ቀይ አደንጓሬ በሩዝ ዋና ምግቡ ነው። ይህ ምግብ በኒው ኦርሊንስ የሰኞ ምግብ ነበር፤ ሰኞ የልብስ አጠባ ቀን ስለነበረ ሴቶቹ ድስቱን ጥደው ወደ ልብሳቸው ይሄዱ ነበር።

ለጋብቻ በዓል ወይም ለልጅ ምረቃ የሚሆነው በስሚዝ ጎዳና ላይ የሚገኘው ብሬናንስ ነው። በ1967 ተከፍቶ፣ በ2008 አይክ የተባለው አውሎ ነፋስ ሌሊት ተቃጥሎ፣ በ2010 እንደገና ተከፍቷል። ክሪዮልን በነጭ ጠረጴዛ ልብስ የሚያቀርብ ቤት ነውና ዋጋውም እንደዚያው ነው። ፓፓዶን ደግሞ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቶቹ ከግሪክ የዘር ሐረግ የመጡ የሂዩስተን ቤተሰብ ናቸው። ለብዙ እንግዳና ለሰፊ ሳህን ይመቻል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቤላየር ጎዳና ላይ ያለው ክሮፊሽ ኤንድ ኑድልስ ነው። ክሮፊሽ ማለት በረግረግና በሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ የሚያድግ፣ ጣት የሚያህል ባለ መቆንጠጫ እንስሳ ነው። ከ1975 በኋላ ከአገራቸው የፈለሱ ቬትናሞች ይህን የኬጁን ምግብ ተቀብለው፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ለውሰው የራሳቸው አደረጉት። የአንዱ ስደተኛ ድስት በሌላው ስደተኛ እጅ ማለት ነው። የሚበላው በእጅ ስለሆነ በዚያ በኩል ከኛ የሚቀድም የለም። ደኅናው ወቅቱ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። አንዱይ፣ ታሶ፣ ቡዳን የሚባሉትን ስሞች ያዙ፤ ሦስቱም በተለምዶ ከአሳማ የሚሠሩ ናቸው። ቀይ አደንጓሬው ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይበስላል። ስለዚህ የጾም ምግብ መስሏችሁ እንዳትታለሉ። በዘሌዋውያን ሕግ ለምትመሩ፣ ሽሪምፑም፣ ኦይስተሩም፣ ክሮፊሹም ክንፍና ቅርፊት የላቸውም። ካትፊሽ የሚሉትም የኛው አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት ያለው ሬድፊሽ ወይም ስናፐር ጠይቁ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ከአሳማው ሌላ የሥጋውን አስተራረድ፣ እንዲሁም ወይን ጠጅ ገብቶበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የብሬናንስ የኤሊ ሾርባ ለምሳሌ ሼሪ የሚባል ወይን ይገባበታል። አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጠይቆ የበላ አይጸጸትም።

እነሱም ጾም አላቸው። ማርዲ ግራ የሚሉት ጭፈራ የኛው ቅበላ ነው፤ በማግሥቱ ዐቢይ ጾም ይገባል። ዓርብ ዓርብ ካቶሊኮቹ ሥጋ ትተው ወደ ዓሣውና ወደ ክሮፊሹ ይዞራሉ።

ወዳጄ በመጨረሻ የት በሉ? ፍሬንቺስ ወሰድኳቸው፤ ዶሯቸውን በልተው፣ «ሚጥሚጣ ቢኖር!» አሉ። ከዚያ ያንን የባልደረባዬን ድስት አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «የኔዋ ልጅ ዶሮ ወጥ የምታውቀው ከምግብ ቤት ነው» አሉኝ።

እኔም ቤቴ ገብቼ ይኸው ነገር ከነከነኝ። አካዲያኖቹ አገራቸውን ካጡ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ብዙዎቹ የልጅ ልጆቻቸው ፈረንሳይኛውንም ረስተውታል፤ ድስቱ ግን አለ። የቀረውም ሁሉም ገንዘብ ከፍሎ ስለበላው አይደለም። እሳት ዳር ቆሞ ያማሰለ ልጅ በየቤቱ ስለነበረ ነው። እንግዲህ በዚህ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ጋምቦ አብሏቸው፤ እሑድ ደግሞ ማማሰያውን እጃቸው ላይ አድርጉላቸውና ሽንኩርቱን ያቁላሉ። ቢያሳርሩትም ግድ የለም፤ ይደፋና እንደገና ይጀመራል።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።