የዓባይ መብራት ፎቁ ጋ ሲደርስ ለምን ናፍጣ ይሸታል?

መቼም በዚህ ከተማ ነግዶ የሚያድር ሰው መብራት ድርግም ሲል የሚመጣውን ዝምታ ያውቀዋል። ሊፍቱ መሀል ላይ ቀጥ፣ የልብስ ሰፊው መኪና ቀጥ፣ የፎቶ ኮፒው ወረቀት ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ! ከዚያ ከሕንፃው ጀርባ ያለው ጄኔሬተር ማጉረምረም ይጀምራል፣ ጭሱ ደረጃውን ይዞ ይወጣል፣ ወር ሲያልቅ ደግሞ አስተዳዳሪው የናፍጣ መዋጮ የሚል ወረቀት ይዞ በየሱቁ ያንኳኳል። ሁለት በሦስት በሆነች ሱቅ ውስጥ ስልክ የሚጠግነው ልጅ ይህን ከፍሎ ምን ይተርፈዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። የኮሪደር ልማቱ መጥቶ የፎቆቹ ግንባር ማታ ማታ እንደ ሠርግ ቤት ያበራል፤ ውስጡን ግን ባለሱቁ ይጠየቅ።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ድሃው ከመቀነቱ ፈትቶ ቦንድ የገዛለትን ሥራ ማንቋሸሽ አይቃጣኝም። ግን ጎበዝ፣ ጉባ ላይ የመነጨ ኃይል መርካቶ የሚደርሰው በአየር አይደለም። በሽቦ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ ምሰሶ ላይ በተንጠለጠለ የሰፈር ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ግድቡ ቢሞላ ምን ይፈይዳል? ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ኃይል እንሸጣለን። መሸጡ ክፉ አይደለም፣ ዶላር ያመጣል። የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር ግን ማን ያስባት?

እንግዲህ ነጋዴው ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት የጀመረው ወዶ አይደለም። ሶላር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገጠር ያለችውን አንድ አምፖል ነው። አሁን የምናወራው ስለ ፎቅ ጣሪያ፣ ስለ መጋዘን ቆርቆሮ፣ ስለ ዱቄት ፋብሪካ ነው። ፓኔሉ የሚሰጠው እንደ ባትሪ ዲሲ ነው፤ ሊፍትና ወፍጮ የሚያዞረው ደግሞ ኤሲ፣ ያውም ሦስት ፌዝ። መሀል ገብቶ የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች ቢቀየሙም አንድ ነገር ልናገር። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራውን ኢንቨርተር የገዛ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የእሱም ሶላር አብሮ ይጠፋል። በጠራራ ፀሐይ! ብልሽት እንዳይመስላችሁ፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ ከጣሪያ በመጣ ኃይል እንዳይሞት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ዕቃ ለቢል መቀነሻ ይበቃል። ለኛ የሚሆነው ከባትሪ ጋር ሆኖ ከመስመሩ ተነጥሎ መሥራት የሚችለው፣ ሃይብሪድ የሚሉት ነው፤ ዋጋውም ወደድ ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። አንዳንዱ ኢንቨርተር ከ2,000 ሜትር ሲያልፍ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይቸግረውና ጉልበቱ ይቀንሳል። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ካርቶኑን ሲከፍት መመሪያ የሚያነብ ግን ስንቱ ነው?

ደቡብ አፍሪካ የመብራት ፈረቃ ሲያንገበግባት ምን አደረገች? በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በራሱ ለሚያመነጭ ሰው የነበረውን የፈቃድ ገደብ አነሳች። ከመጋቢት 2023 ጀምሮም ለሁለት ዓመት፣ ነጋዴው ለሶላር ያወጣውን 125 በመቶ አድርጎ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደች። ሕዝቡማ ከመንግሥቱ ቀድሞ ነበር፤ በመጋቢት 2022 ወደ 1,000 ሜጋ ዋት ይጠጋ የነበረው የየጣሪያው ሶላር በሰኔ 2023 ከ4,400 አለፈ። ፓኪስታንም በ2024 ብቻ 17 ጊጋ ዋት ፓኔል አስገባች። ከሦስት ሕዳሴ ግድብ በላይ መሆኑ ነው፤ በወረቀት ማለቴ ነው እንጂ ፀሐይ ማታ የለችም።

ታዲያ የኛ ነጋዴ ምን ያዘው? ኢንቨርተሩም ባትሪውም የሚገዛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህን የሚችለው ባንኩና ሆቴሉ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ የመብራት ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኗል። አስቡት፤ ትልቁ ደንበኛ ጣሪያው ላይ ፓኔል ዘርግቶ ሹልክ ካለ የምሰሶውንና የትራንስፎርመሩን ወጪ የሚሸከመው ማን ሊሆን ነው? ያው ስልክ ጠጋኙ ልጅ ነዋ! ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ በደቡብ አፍሪካም ከመብራት ሽያጭ የሚተዳደሩት ከተሞች እሪ ብለውበታል። ሶላርን ለማፈን ግን ሰበብ አይሆንም። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ግልገል ጊቤ 3 ውሃ አጥሮት በፈረቃ ስንበራ ከርመናል። ቀን ቀን ከየጣሪያው የሚሰበሰብ ኃይል ግድቦቹ ውሃቸውን ለማታ እንዲያስቀምጡ ያግዛል።

ስለዚህ መንግሥት ለእርሻ ለፋብሪካ እንደሚለው ለጣሪያም ብድር ያመቻች፤ ተከራዮች ተጣምረው የሚበደሩበትን ጭምር። ጉምሩክ ላይ ኢንቨርተሩ ለከፍታችን የሚሆን መሆኑ ይፈተሽ። ደግሞ እሁድ ቢሮው ተዘግቶ ፀሐይዋ ስትንቦገቦግ ከፎቁ የሚተርፈው ኃይል የት ይግባ? መስመሩ ይግዛው ከተባለ በኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ብር ነው? ቁጥሩ በየቢሮው ከሚንሾካሾክ በጋዜጣ ይውጣልን።