«ኢዲየት» ማን ነው? ስለ አንድ ቃልና ስለ ድምፃችሁ



በምርጫ ሰሞን ከተማሩ ሰዎች አንደበት ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። «የጥንት ግሪኮች በፖለቲካ የማይሳተፈውን ሰው ኢዲየት፣ ማለትም ደደብ፣ ይሉት ነበር» ይባላል። ተናጋሪው ይጨበጨብለታል። ይሁን እንጂ አባባሉ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ስሕተት ነው። ድምፅ የሚጠይቅ ፓርቲ ደግሞ በግማሽ እውነት መራጩን መስደብ አይገባውም። በመሆኑም ይህ ቃል ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል።

«ኢዲየት» ዛሬ በእንግሊዝኛ ስድብ ነው፤ የከተማ ወጣቶቻችንም እንዳለ ወስደው ይሰዳደቡበታል። ሥሩ ግን «ኢዲዮስ» የሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «የራስ፣ የግል» ማለት ነው። ከዚህ የወጣው «ኢዲዮቴስ» ሹመት የሌለውን፣ በግል ኑሮው የሚተዳደረውን ተራ ሰው ያመለክት ነበር። በሙያ በኩልም ከሐኪም አንጻር ሐኪም ያልሆነው፣ ከባለሙያ አንጻር ሙያውን ያልተማረው ኢዲዮቴስ ነው። በመነሻው ስለ አእምሮ ጉድለት የሚናገር ቃል አልነበረም።

የአዲስ ኪዳን የግሪክኛ ጽሑፍ ለዚህ ምስክር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 ቁጥር 13 ጴጥሮስና ዮሐንስ በኢየሩሳሌም ሸንጎ ፊት ቆመው ሲናገሩ፣ አለቆቹ እነዚህ ሰዎች ያልተማሩ ኢዲዮቴሶች መሆናቸውን አይተው በድፍረታቸው ተደነቁ። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 ቁጥር 6 ስለ ንግግር ችሎታው ሲጽፍ ቃሉን ለራሱ ተጠቅሞበታል። ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበር እንጂ ደደብ አልነበረም። ቃሉ የሚለው፣ እነዚህ ሰዎች ሥልጣንም ዲግሪም የላቸውም ነው።

የአባባሉ እውነተኛ ግማሽ ይህ ነው፦ አቴናውያን ከሕዝብ ጉዳይ የሚሸሸውን ሰው አይወዱትም ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደ ዘገበው፣ ፔሪክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 በተጀመረው ጦርነት የመጀመሪያ ዓመት ለወደቁት ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር፣ ከጋራ ጉዳይ የሚርቀውን ሰው አቴናውያን እንደማይረባ እንደሚቆጥሩት ተናግሯል። ነገር ግን በዚያ ቦታ የተጠቀመበት ቃል «ኢዲዮቴስ» አልነበረም። አሪስቶፋነስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ425 ባቀረበው ተውኔት፣ በገበያ የሚያወጋው ሕዝብ ወደ ጉባኤ የሚነዳበትን ቀይ ቀለም የተነከረ ገመድ ለመሸሽ ወዲያና ወዲህ ሲል ያሳየናል። ስለዚህ በዴሞክራሲ አገር ቤትም ሰው ከስብሰባ ይሸሽ ነበር ማለት ነው። ሴቶች፣ ባሮችና የውጭ ተወላጆች ግን «አያገባኝም» ለማለት እንኳ አልታደሉም፤ ወደ ጉባኤው የሚጠራቸው አልነበረም።

ቃሉ ስድብ የሆነው በኋላ ነው። በላቲንና በፈረንሳይኛ አልፎ እንግሊዝ ሲደርስ «ያልተማረ» የሚለው ትርጉም እየከፋ ሄዶ «የማያስተውል» ሆነ። ከዚያም ወደ ሕግ ገባ። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ከልደቱ ጀምሮ ማስተዋል የለውም የተባለ ሰው «ኢዲየት» ተብሎ ሲፈረጅ፣ ንጉሡ ሰውየውን እየቀለበ መሬቱን ይይዝና ትርፉን ለራሱ ያደርግ ነበር። አእምሮው በኋላ የታወከ ሰው ግን ከመሬቱ የተረፈው ገቢ ይጠበቅለት ነበር። አንድ ቃል የሰውን ርስት የሚያሳጣ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄንሪ ጎዳርድ ባቀረበው ምደባ ውስጥ «ኢዲየት» የአእምሮ እድገቱ ከ3 ዓመት ሕፃን በታች ለሆነ ሰው የሚሰጥ የሙያ ስያሜ ሆነ።

ለምርጫ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 የወጣው የአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት ሕገ መንግሥት «ኢዲየት» የተባለ ሰው መራጭ እንዳይሆን በዚሁ ቃል ከለከለ። የኒው ጀርሲ ግዛት መራጮች ይህንኑ ቃል ከሕገ መንግሥታቸው ያስወጡት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በቦታውም የመምረጥን ትርጉም ለመረዳት ችሎታ እንደሌለው በፍርድ ቤት የተወሰነበት ሰው የሚል አገላለጽ ተተካ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስድብ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ፍርድ ግን ማስረጃና ዳኛ ይጠይቃል።

እንግዲህ የቃሉን ጉዞ ልብ በሉ። መጀመሪያ ሥልጣን የሌለው ማለት ነበር። ቀጥሎ ያልተማረ፣ ከዚያ የማያስተውል፣ በመጨረሻም ድምፅ የማይገባው ማለት ሆነ። በሥልጣን ላይ የተቀመጡት ተራውን ሰው ከውጭ ሲያዩት ከኖሩ፣ «አልተሳተፈም» ማለታቸው ቀርቶ «አይችልም» ወደ ማለት ይሄዳሉ። ሕዝብ አልነቃም፣ ሕዝብ አይገባውም የሚሉ ንግግሮች የሚወለዱት ከዚህ ነው።

በአገራችን «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ይባላል። ይህን ለልጁ የሚመክር አባት ደደብ አይደለም። ወንድሙን የቀበረ፣ ለታሰረ ዘመዱ ስንቅ ያመላለሰ፣ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው ነው። እኛም አንሰድበውም። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከኮረንቲ የራቀ ሰው ከመነዘር ይድናል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ጨለማው የእርሱንም ቤት አይምርም። የዘይት ዋጋ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት የግል ኑሮ ይመስላሉ፤ የሚወሰኑት ግን በጋራ ነው። «ፖለቲካ» ራሱ የግሪክ ቃል ነው፤ ከተማ ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን የጋራ መኖሪያችን ጉዳይ ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ፓርቲያችን ሁለት ቃል ይገባል። አንደኛ፣ የሕግ ዲግሪ የሌለው ዜጋ ሊረዳው የማይችል ሕግና በጀት ለሕዝብ ቀረበ ብለን አንቆጥርም፤ ረቂቆች በሕዝቡ ቋንቋ፣ በግልጽ አነጋገር ተጽፈው እስከ ቀበሌ ድረስ እንዲነበቡና አስተያየት እንዲሰጥባቸው እንታገላለን። ሁለተኛ፣ የማይመርጠንን ሰው አላዋቂ አንልም። ካላሳመንነው ጉድለቱ ከኛ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሕግ መሠረት የመምረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹ ዲግሪ አይጠይቅም፤ ፊደል የቆጠረና ያልቆጠረ አይልም። በሣጥኑ ውስጥ የሚኒስትሩም የጉልት ነጋዴዋም ድምፅ አንድ አንድ ነው።

ስለዚህ የመራጭነት ካርዳችሁን አውጡ፤ ያወጣችሁም ጠብቁት። የእኛንም የሌሎቹንም ፕሮግራም አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት። በምርጫው ቀን በጠዋት ተነሥታችሁ ተሰለፉ። ማንንም ብትመርጡ፣ ስለ እናንተ ሌላ ሰው እንዲወስን አትተዉ።