ገመድ መቁረጥ ሕግ ማስከበር አይደለም

የተከበራችሁ የቂርቆስና የካዛንቺስ መራጮች፣

ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰፈራችን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ተካሂዷል። እንግዶቹ ኢንተርኔት ለሁሉም እንዲዳረስ ሲመክሩ፣ አብዛኛው የትግራይ ሕዝብ አገልግሎቱ ከተቋረጠበት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገሪቱ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም ቆዩ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘለቀ። ደንበኛውን በስልክ የሚያገኝ ነጋዴም ሆነ ዘመዱን የሚጠይቅ ቤተሰብ ያለ ጥፋቱ ተቀጣ።

የመዝጋት ደጋፊዎች የጥላቻ ንግግርን ምክንያት ያደርጋሉ። አደጋው እውነት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተሰራጨ በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ቀድሞ ማመልከቱን ገልጾ፣ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። የከሰሰው ግን ናይሮቢ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

በኢትዮጵያ ምድር ለፈሰሰ ደም ፍትሕ ፍለጋ ድንበር መሻገር ለምን አስፈለገ? ሕግ አልጠፋም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሡ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሕግ ብቻ እንደሚገደብ ይደነግጋል። የጎደለው ሕጉን በባለጉዳዩ ላይ፣ በዳኛ ፊት መፈጸም ነው። በአንድ ሌባ ምክንያት ገበያው አይዘጋም፤ ሌባው ይያዛል እንጂ።

ስለዚህ ፓርቲያችን ድምፃችሁን ካገኘ፦

1. ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ቦታና ያለ ጊዜ ገደብ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ በአዋጅ ይከለክላል፤

2. በአገራችን የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች መጥሪያ የሚቀበል ሕጋዊ ወኪል በአዲስ አበባ እንዲያስቀምጡ፣ በአገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ በቂ ተቆጣጣሪዎች እንዲመድቡ ያስገድዳል፤

3. ተጎጂዎች በአገራቸው ፍርድ ቤት ካሣ የሚጠይቁበትን ሥርዓት ይዘረጋል።

የመናገር ነፃነትና የሰው ሕይወት ጥበቃ አይጣሉም። ሁለቱንም የሚያስከብረው የሕግ የበላይነት ነው። በምርጫው ቀን ይህን አስባችሁ ድምፃችሁን ስጡ።