የተሸጠ ዕቃ፣ ያልተሰጠ ቁልፍ

ቤቱን የሸጠ ሰው ቁልፉን ያስረክባል። በሬውን የሸጠ ሰው ነገ ተመልሶ «በዚህኛው ማሳ እረስበት፣ በዚያኛው ግን እንዳታርስበት» ብሎ ገዢውን ሊያዝዝ አይችልም። ይህ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው የገበያ ሕግ የተሻረው፣ የግል ንብረትን እንደ ታቦት በሚያከብረው በምዕራቡ ዓለም፣ ዘፈን በኢንተርኔት መሸጥ በተጀመረበት ዘመን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አፕል የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 አይቱንስ የተሰኘውን የሙዚቃ መደብሩን ሲከፍት አንዱን ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ገዢው የሚረከበው ዘፈን ግን በስውር ቁልፍ የታሰረ ነው። ከተወሰነ ቁጥር በላይ በሆኑ ኮምፒዩተሮች ላይ አይከፈትም፤ አይፖዱን ትቶ የሌላ ፋብሪካ የኪስ ማጫወቻ የገዛ ሰውም ዋጋውን የከፈለበትን ያንኑ ዘፈን እንዳለ ወደ አዲሱ መሣሪያው ሊያዛውረው አይችልም ነበር። ማይክሮሶፍት ደግሞ የባሰውን አደረገ። በ2004 «በእርግጥ ይጫወታል» የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ለማጫወቻዎችና ለመደብሮች አደለ፤ በ2006 ዙን የተባለውን የራሱን ማጫወቻ ሲያወጣ ግን በዚያው ምልክት የተሸጡትን ዘፈኖች ዙን አላጫውትም አለ።

ይህ ሁሉ የተደረገው በሌባ ስም ነው። ሌባው ግን ተነካን? የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በ2007 ባወጣው ግልጽ ደብዳቤ እንደ ገለጸው፣ በ2006 ታስረው የተሸጡት ዘፈኖች ከ2 ቢሊዮን ያነሱ ሲሆኑ፣ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ያለ አንዳች ቁልፍ በሲዲ የሸጧቸው ዘፈኖች ግን ከ20 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። መስረቅ የፈለገ ሲዲውን ገልብጦ በኢንተርኔት ይበትናል፤ ከዚያ የወሰደውም ሰው እንዳሻው ያዳምጣል። የታሰረው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ብቻ ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ነው። ሐኪም ነኝና በሙያዬ ቋንቋ ልናገር፦ በሽተኛውን ሳይነካ ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር መድኃኒት ሊባል አይገባውም።

በ2005 ደግሞ ነገሩ ከእስር አልፎ ወደ ሰርጎ ገብነት ተሸጋገረ። ሶኒ ቢኤምጂ በሸጣቸው አንዳንድ ሲዲዎች ውስጥ፣ ገዢው በኮምፒዩተሩ ሲከፍታቸው በስውር ገብቶ ራሱን የሚደብቅ ሶፍትዌር ተገኘ። ሌሎች ተንኮለኞችም በዚያው መደበቂያ ቫይረሳቸውን ሊያሰርጉ ቻሉ። ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ የሰበሰበው ሕዝብ ከጮኸ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሕጉ ከቁልፉ ጎን መቆሙ ነው። በ1998 በአሜሪካ የወጣው የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ፣ በየጊዜው ከሚፈቀዱ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ እንዲህ ያለውን ቁልፍ መስበርን ይከለክላል።

«በአህያ ቆዳ የተሠራ ቤት ጅብ ሲጮህ ይፈርሳል» ይባላል። ማይክሮሶፍት ኤምኤስኤን ሙዚቃ በተባለው መደብሩ ዘፈን ሲሸጥ ቆይቶ ሱቁን ከዘጋ በኋላ፣ በ2008 ለደንበኞቹ ከነሐሴ ማብቂያ ወዲያ ለአዲስ ኮምፒዩተር የመክፈቻ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀ። ኮምፒዩተሩን የለወጠ ሁሉ የገዛው ዘፈን ድዳ ሊሆንበት ነው ማለት ነው። ጩኸት ሲበዛ ቀኑን እስከ 2011 መጨረሻ አራዘመ። የሞት ቀን ማራዘም ግን ንብረትን መመለስ አይደለም።

«ታዲያ ዘፋኙ ምን ይብላ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ካሴት በየሱቁ እየተባዛ ሲቸበቸብ የላባቸውን ዋጋ የተነጠቁት የእኛው ድምፃውያን ናቸው። ዳሩ ግን አባዝቶ የሚነግደውና ገዝቶ የሚያዳምጠው አንድ አይደሉም። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንኳ ይህን ይለያል፤ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ሲቀጣ፣ ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማድረግን ከነገደቡ ይፈቅዳል። ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ኋላ ገብቷቸዋል። ኢኤምአይ በ2007፣ ሌሎቹም ተከትለውት እስከ 2009 ድረስ ከሚሸጡት ዘፈን ላይ ቁልፉን አነሡ። የሙዚቃ ገበያ በዚህ ምክንያት አልተዘጋም።

እንግዲህ ያለፈ ነገር ለምን ይነሣል? ቁልፉ ስላልሞተ ነው፤ ቤት ቀየረ እንጂ። አማዞን በ2009 የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ከገዢዎች የንባብ መሣሪያ ላይ ሳያስፈቅድ አጥፍቷል። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ገንዘቡን መለሰ፤ መጻሕፍቱ ግን ከገዢዎቹ እጅ ጠፉ። በወርኃዊ ክፍያ የሚደመጠው ሙዚቃም ክፍያው የተቋረጠ ዕለት በነጻነት ማዳመጥ ያከትማል።

ለስደተኛ ይህ ተራ የገበያ ጉዳይ አይደለም። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮፒክስ በተሰኘው ተከታታይ ሲዲ ለዓለም የደረሰው፣ ያሳተሙት ቤቶች ከተዘጉ ከረዥም ጊዜ በኋላ ነው። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው በ1969 ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለስደት ተዳርጓል። ሸክላው ግን የአሳታሚውን ፈቃድ ሳይጠይቅ መርፌ ባገኘው ቁጥር ዘፈነ። በቁልፍ ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሱቁ የተዘጋ ዕለት ድምፁም አብሮ በተዘጋ ነበር።

ስለዚህ ዘፈንም ሆነ መጽሐፍ በኢንተርኔት ለሚሸጡ ወገኖቻችን የምለው አንድ ነው፦ ዋጋችሁን ጠይቁ፣ አባዝቶ የሚነግድባችሁንም በሕግ ክሰሱ፤ የገዛችሁን ወዳጃችሁን ግን አትሰሩት። ገዢውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት «ቁልፉስ?» ብሎ ይጠይቅ። ቁልፉ ከሻጩ እጅ የማይወጣ ከሆነ፣ ሽያጭ ሳይሆን ኪራይ ነውና በኪራይ ዋጋ ይከራከር።