የአሮጌ መኪና የፊት ሞላ

ሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ሰው ስለምትጭነው መኪና ነው።

ፔጆ 404 በፈረንሳይ አገር መሠራት የጀመረችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ነው። በሐረር ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆና ሰው አመላልሳለች። ጠንካራ መኪና ናት። ሆኖም የፊት እግሯ በዕድሜ ይደክማል።

እንበል፣ ሁለት ወንድማማቾች በሬ ሸጠው እንዲህ ያለች አሮጌ ፔጆ ገዙ። መኪናዋ ወደ ግራ ዘመም አለች። ታናሹ «አንድ ሞላ ገዝተን በግራ በኩል እናስገባ። ገንዘብ ይተርፈናል» አለ። ታላቁ «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንለካ» አለው።

ታላቁ ልክ ነው። ለምን?

ሞላ ጭነት ይሸከማል። ሾክ አብዞርበር፣ ባጭሩ ሾክ፣ የሞላውን ዝላይ ያበርዳል። ሞላ እንደ በቅሎ ጀርባ ነው። ሾክ እንደ ልጓም ነው።

እንዴት ይለካል? መኪናዋን ባዶዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል ይሁን። ከጎማው መካከል እስከ ላይኛው ቆርቆሮ ጠርዝ ለኩ። የግራውንም የቀኙንም ጻፉ። አንዱ ዝቅ ካለ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል ማለት ይሆናል።

ቀጥሎ የመኪናዋን የፊት ማዕዘን በእጅ ተጫኑና ልቀቁ። ተነሥታ ከረጋች ሾኩ ደህና ነው። ደጋግማ ከዘለለች ወይም ሾኩ ዘይት ካንጠባጠበ አልቋል።

ስትገዙ እነዚህን አስታውሱ፦

1. ሞላም ሾክም በጥንድ ይገዛል። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናዋ እኩል አትቆምም።

2. የሞላውን ርዝመት ብቻ አትዩ። ጥምጥሙን ቁጠሩ፤ የብረቱንም ውፍረት ለኩ። 12 ሚሊ ሜትር የነበረው 13 ቢሆን፣ ሌላው ሳይለወጥ፣ ጥንካሬው ከሲሶ በላይ ይጨምራል። መኪናዋ ትደርቃለች፤ ተሳፋሪውን ታንገላታለች።

3. ረጅም ሞላ አታስቆርጡ። የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፤ ከመቀመጫውም ሊወጣ ይችላል።

4. አሮጌ ሞላ ስንጥቅና ዝገት ከሌለው፣ ከጓደኛውም እኩል ከሆነ ይሠራል። አሮጌ ሾክ ግን አትግዙ።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሊብሬውን አንብቡ። የመኪናዋን ዓይነትና የተሠራችበትን ዓመት ገልብጡ። በአሮጌው ሞላ ላይ ቁጥር ካለ እሱንም ጻፉ። ነጋዴው «ይሆናል፣ ውሰዱት» ቢላችሁ፣ «ከወረቀታችን ጋር እናስተያይ» በሉት።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ በደንገጎ በኩል መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይጫናል። ሾኩ ካለቀ ጎማው ይዘላል፤ መሬቱን ይለቃል። መሬት ያልያዘ ጎማ መኪና አያቆምም።

አደራ! ሞላ ራሳችሁ አትፍቱ። የተጨመቀ ሞላ ከተፈናጠረ ሰው ይገድላል። የሞላ መጭመቂያ ያለው መካኒክ ይፍታው። በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥርም ማንም አይግባ።

ወንድማማቾቹ ለኩ። ግራው በ3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ሾኮቹም አልቀዋል። ጥንድ ሞላና ጥንድ ሾክ ለመግዛት ገንዘብ አነሳቸው። ታናሹ «እስከዚያው ገበያተኛ እንጫን» አለ። ታላቁ «በሬ ሸጠን መኪና ገዛን። ሰው ከሞተብን ምን ሸጠን እንመልሰዋለን?» አለው። ገንዘቡ እስኪገኝ መኪናዋን አቆሟት።

ጥያቄዎች
1. የሞላ ሥራ ምንድን ነው? የሾክስ?
2. ሞላ ለምን በጥንድ ይገዛል?
3. እናንተ ብትሆኑ ገበያተኛውን ትጭኑ ነበር? ተወያዩበት።