ስሙ ቢለወጥም መድኃኒቱ ያው ነው

ሙጃና ሲናር ከርጭት በኋላ ሲተርፉ ገበሬው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የመድኃኒቱን ጥራት ነው። መርጫው ተዘግቶ ወይም ዝናብ አጥቦት ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን በሚገባ በተረጨ ማሳ ከደረቀው ሙጃ አጠገብ አረንጓዴ ሙጃ ከቆመ፣ አረሙ መድኃኒቱን መቋቋም ጀምሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

መድኃኒቱ አረሙን አያለማምደውም። ከብዙው መካከል በተፈጥሮ የሚቋቋሙ ጥቂቶች አሉ፤ ሌላው ሲሞት ዘር የሚያራግፉት እነርሱ ናቸው። በአውስትራሊያ ራይግራስ የተባለው ሣር ዲክሎፎፕን መቋቋሙ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

እንግዲህ ቶፒክና ፑማ ሱፐር የዚሁ የዲክሎፎፕ ወገን ናቸው። በእኛ አስተያየት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የግዢ ኮሚቴዎች ከንግድ ስሙ ይልቅ ዋናውን ንጥረ ነገር ማየት አለባቸው፤ አንዱን በሌላው መተካት ለውጥ አይደለም። ፓላስ አሠራሩ ይለያል፤ በየዓመቱ ከተደጋገመ ግን እርሱንም የሚቋቋም አረም ይበዛል። ቱ-ፎር-ዲ ቅጠለ ሰፊውን እንጂ ሣሩን አይገድልም።

የደብረ ታቦር ዙሪያ ደጋ ድንችና ባቄላ ማብቀሉ ትልቅ ዕድል ነው። ስንዴ በድንች ሲፈራረቅ ሙጃው በኩትኳቶ ይነቀላል። በስንዴው ውስጥ ከርጭት የተረፈውንም የልማት ሠራተኛው ዘር ሳያፈራ በእጅ ያስነቅል።