ውሻ ማናፈስ እረፍት አይደለም

እህቶች፣ ብዙዎቻችን ባሕር የምናየው የማዳምን ውሻ ይዘን ነው። ዱባይ ውስጥ ግን ውሻ የማዘጋጃ ቤት ፓርኮች አይገባም፤ አብዛኛው የሕዝብ ባሕር ዳርቻም አይፈቅድም። በዴራ በኩል ያለው ዱባይ አይላንድስ ውሻ ይቀበላል። ከመውጣታችሁ በፊት «የት ልውሰደው? ቅጣት ቢመጣ ማን ይከፍላል?» በሉ። ገመዱንም አትልቀቁ።

ባሕሩ ቢያምርም ያ ሥራ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ከነደሞዙ ይሰጠናል። በዚያ ቀን ካሠሩን ምትክ ቀን ወይም ገንዘብ ይገባናል። «ውሻውን ይዘሽ አየር ተቀበይ» ማለት እረፍት መስጠት አይደለም።

በኦፍ ቀናችን ባዶ እጃችንን እዚሁ ቡር ዱባይ፣ አል ሲፍ ክሪክ ዳር እንሂድ። በነፃ ነው። እኛም መናፈስ አለብን።